ዘጠኝ ጠርሙስ ውሃ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ሰገራ መመርመር ነበር። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ይህንኑ ነው የምናገረው፤ አፍሬበት አላውቅም። አሜባና ጃርዲያን በማይክሮስኮፕ ሥር ሳገኛቸው እንደ ሰፈር ሰው ነው የምለያቸው። ከጊዜ ብዛት ደግሞ በሽተኛው ከየት እንደመጣ መለየት ጀመርኩ። የከተማው ሰው ይታመማል፣ ይድናል፣ በቦታው ሌላ ሰው ይመጣል። ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው ኮረብታ፣ ከአንድ መንደር የሚመጡት ግን ክረምት በገባ ቁጥር እነዚያው ራሳቸው ነበሩ። ያችው እናት፣ ያው ሕፃን፣ ያው መድኃኒት።

ከነዚህ እናቶች አንዷ ልጇን በአንድ ክረምት ለሦስተኛ ጊዜ ይዛ መጣች። ውጤቱን ስነግራት አልደነገጠችም።

"መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ያድነዋል" አለችኝ በተረጋጋ ድምፅ። "ቤት ስንገባ ግን ያንኑ ውሃ ነው የሚጠጣው።"

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም። የመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ፈጣንና ግልጽ ልጅ ነበረች። ባጃጁ አስፋልቱ ሲያልቅ አወረደኝ፤ እሷ ዣንጥላ ይዛ ጠበቀችኝና በእንሰቱ መሃል እየመራች ወደ ምንጩ ወሰደችኝ።

ምንጩ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ይወጣል። ሁለት ዓይን አለው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ሁለቱም ከቋጥኙ ግርጌ ባለች ትንሽ ኩሬ ይገናኛሉ፤ ሴቶቹም የሚቀዱት ከኩሬዋ ነው። ከግራው ዓይን በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የአንዲት ባሏ የሞተባቸው ሴትዮ ቤትና የከብት በረት ይታያል። በረቱን እንዳየሁ ነገሩ አለቀልኝ። እበት ከላይ፣ ውሃ ከታች። ምን ጥያቄ አለው?

በሳምንቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች ሰው ሰብስበው እንድናገር ጋበዙኝ። ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ብወለድም አባቴ ለማስተማር ከሰሜን የመጣ ሰው ስለሆነ ሲዳምኛዬ ከገበያ አያልፍም። በአማርኛ ተናገርኩ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አስተረጎመችልኝ። ስለ ጀርም አስረዳሁ፣ ስለ ሕፃናቱ ተናገርኩ። ከዚያ እጄን ወደ ዳገቱ ዘርግቼ፣ "ችግሩ ያ በረት ነው። መነሳት አለበት" አልኩ።

አስተርጓሚዬ ወደ ሴቶቹ አየች። ከዚያ ተረጎመችው።

ከሴቶቹ መሃል አንዲት ረጅም፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አንድ ጊዜ አዩኝና ሄዱ። የበረቱ ባለቤት እሳቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስብሰባው ላይ ይኖሩ ይሆን ብዬ እንኳን አላሰብኩም ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስኩት ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሪፖርት ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። ጉዳይዋን ከጨረሰች በኋላም አልሄደችም።

"እማማ፣ የበረቱ ባለቤት፣ ከምንጩ መቅዳት ተዉ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ሴቶቹ ሲያዩአቸው ዝም ይላሉ። አንዷማ ልጆቻችንን ያሳመሙት እሳቸው ናቸው ብላ ፊት ለፊት ተናግራለች። አሁን ጀሪካናቸውን ተሸክመው ወንዝ ተሻግረው ነው የሚቀዱት። በዚህ ዕድሜያቸው።"

ልጅቷ ገና አልጨረሰችም።

"ደግሞ እኮ፣ በረታቸውን ገብተሽ አይተሽዋል?" አለችኝ።

አላየሁትም ነበር። ከሩቅ ነው የፈረድኩት። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳልመረምር ለማንም በሽታ ስም ሰጥቼ አላውቅም፤ እዚያ ዛፍ ሥር ግን በዓይን ግምት ብቻ አንዲት እናት ላይ ጣቴን ቀሰርኩ። ይህ ነገር ሲገባኝ ፊቴ ነደደ። ማፈሬ ደግሞ ብቻውን ምንም አይጠቅማቸውም። የማውቀው ሥራ መመርመር ነው፤ ስለዚህ ልመረምር ተነሳሁ።

ለዚህ ሥራ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ መድኃኒት የነካ ወረቀት ይቀመጣል፣ የሚመረመረው ውሃ ይጨመርበታል፣ ሙቀት ያለበት ቦታ ሁለት ቀን ይቆያል። ውሃው ከአንጀት የወጣ ቆሻሻ ካለበት ይጠቁራል። ከሌለበት እንዳለ ይቆያል። ማንበብ የማይችል ሰውም ያየዋል። ይህን የምወደው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን እሳቸው ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ፣ "እማማ፣ ሳልጠይቅዎት ነው የተናገርኩት። አጥፍቻለሁ። ከፈቀዱልኝ ውሃውን ልመርምረው" አልኳቸው።

በአማርኛ መለሱልኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለና ያልተዝረከረከ ነበር። "አንቺ የተማርሽ ነሽ። አፍሽ ግን ከእግርሽ ቀደመ።"

"ቀድሟል፣ እማማ።"

"ግቢ እይ።"

በረቱ በንጽህና ከእኔ ላቦራቶሪ ወለል ብዙም አያንስም። እበቱን በየጠዋቱ ይጠርጉታል፤ በቅርጫት ተሸክመው ከቤቱ ጀርባ፣ ከምንጩ ተቃራኒ ወዳለው እንሰት ይወስዱታል። መጸዳጃ ቤታቸውም እዚያው ወዲያ ማዶ ነው።

"ባሌ ነው ያዞረው" አሉኝ። "ከታች ሰው ይጠጣል ብሎ። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ይህን እነግራችሁ ነበር። ማን ጠየቀኝ?"

ዝናብ በጣለ ማግስት ጠዋት ዘጠኝ ጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ቁጥብ ሰው፣ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር መጡ። እማማም መጡ፤ ከሁላችንም ራቅ ብለው ቆሙ። ሁለት ጠርሙስ ከግራው ዓይን ሞላሁ፣ ሁለት ከቀኙ፣ ሁለት ከኩሬዋ። አንዱን ከአንድ ቤት ጀሪካን፣ አንዱን ደግሞ ከፈላ ውሃ። አንድ ጠርሙስ ተረፈኝ። የቱ ጋ ልሙላው ብዬ ስዞር እማማ ከቆሙበት በእጃቸው ወደ መንገዱ አመለከቱ።

ከቀኙ ዓይን በላይ የጠጠር መንገድ ያልፋል። ጎርፉ መንገዱን እንዳይበላው ከመንገዱ ዳር ቦይ ተቆፍሯል፤ ቦዩ ከመንደሩ ትንሽ ገበያ በታች ጀምሮ ይመጣና ከቋጥኙ አናት ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጎርፉ የት እንደሚገባ ማንም አይጠይቅም። ገበያው አካባቢ ሞተር ሳይክል ይታጠባል፣ በገበያ ቀን የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ መጸዳጃ ስለሌለው ከገበያው አጥር ጀርባ ይጸዳዳል። ዘጠነኛውን ጠርሙስ ከቦዩ ሞላሁት።

ሁሉም ላይ የተቀዱበት ቦታ ሳይሆን ቁጥር ብቻ ተጻፈባቸው። የትኛው ቁጥር የየት እንደሆነ ሰብሳቢው በራሳቸው ወረቀት ላይ አስጽፈው ኪሳቸው ከተቱት። ይህን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ፤ ማንም አድልታለች እንዳይለኝ።

በሦስተኛው ቀን ያው ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ጠርሙሶቹን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ደረደርኳቸው። ሦስቱ ምንም አልሆኑም። ስድስቱ ጠቁረዋል፤ አንዱማ ቀለም የተሞላ ነው የሚመስለው።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አወጡና አስነበቡ። ቀለም የመሰለው የቦዩ ነው። ከቀኙ ዓይን የተቀዳው፣ የኩሬዋ፣ የጀሪካኑ፣ ሁሉም ጥቁር። የፈላው ውሃ ንጹህ። ከእማማ ዳገት ሥር ከሚወጣው ከግራው ዓይን የተቀዱት ሁለቱም ንጹህ።

ጉርምርምታ ተነሳ። አንድ ጎልማሳ፣ "ቦዩን ማን ቆፈረው?" ሲል ጠየቀ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፈው፣ "እኛ ነን" አሉ። "እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት። መንገዱ እንዳይፈርስ ብዬ። ውሃውን አላሰብኩትም።"

ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፤ ከተማ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ። አንድ የተከበረ ሰው በሕዝብ ፊት "እኔ ነኝ" ሲል የሰማሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ሲዳማዎች እውነትን ሀላሌ ይሏታል፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ቃል ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሰብሳቢው ቃሏን ጠርተው ወደ እማማ ዞሩና በራሳቸው ቋንቋ ይቅርታ ጠየቁ። እኔም ተነሳሁ። በአማርኛ ጀምሬ፣ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያስጠናችኝን አንድ ዓረፍተ ነገር በሲዳምኛ ጨመርኩ። አነጋገሬ ሳያስቅ አልቀረም፤ አንዳንድ ሴቶች አፋቸውን ያዙ። እማማ አልሳቁም፤ ግን አንገታቸውን ነቀነቁልኝ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ቦዩ መዞር፣ ምንጩም መታጠር አለበት፤ ጎርፉን ከምንጩ አርቆ ወደ ታችኛው ሸለቆ የሚወስደው ብቸኛ መስመር ደግሞ በእማማ እንሰት መሃል ነው የሚያልፈው። ሰብሳቢው ይህን ሲናገሩ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

"እኔን ውሃ በካይ ብላችሁ ነበር" አሉ እማማ። "አሁን እንሰቴን ትፈልጋላችሁ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀጠሉ።

"እሰጣለሁ። ግን አንድም እንሰት እንዳይቆረጥ። ከነሥሩ ተነቅሎ እኔ በማሳያችሁ ቦታ ይተከል። ደግሞ ምንጩ ሲታጠር ቁልፉ ሴት ጋ ይሁን። ውሃ የምንቀዳው እኛ፤ የምትወስኑት እናንተ። ይህ ይብቃ።"

በሁሉም ነገር ተስማሙ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወንዶቹ እንሰቱን አንድ በአንድ እየነቀሉ እንደ ታማሚ ተሸክመው ሲያዛውሩ እማማ ከኋላ ከኋላቸው እየሄዱ ጉድጓዱ ጥልቀቱ እንደማይበቃ ይነግሯቸው ነበር። አዲሱ ቦይ ዳርና ዳር አፈሩን እንዲይዝ ደሾ ሣር ተተከለ። ሁለቱ የምንጭ ዓይኖች በድንጋይና በሲሚንቶ ተገነቡ፤ ኩሬዋ ቀርታ ውሃው በቧንቧ ወጣ። የከብቶቹ መጠጫ ገንዳ ከአጥሩ ውጪ፣ ከታች ሆነ። ገበያው አጠገብ መጸዳጃ ቤት ተሠራ፤ በሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ ድንጋይ አቀበልኩ፤ እጄ ለማይክሮስኮፕ እንጂ ለድንጋይ እንዳልተሠራ ሁሉም አዩ።

በቀጣዩ ክረምት ከዝናብ በኋላ እንደገና መረመርን። ሁለቱም ዓይኖች ንጹህ ሆኑ። ጀሪካኖቹ ግን ገና ይጠቁሩ ስለነበር ሴቶቹ ጀሪካን የሚያጥቡበትን ቀን ወሰኑ፤ ሳታጥብ የመጣች አትቀዳም። ያች ልጇን የምታመላልሰው እናት በዚያ ክረምት አንድ ጊዜ መጣች፤ ወድቃ ክንዷን ተመትታ ነው። ልጇ አጠገቧ ቆሞ የላቦራቶሪዬን መስኮት መጋረጃ ይጎትት ነበር።

አሁን መሃል ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛውሬያለሁ። የራቅሁት በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆንም ቅዳሜዎቼ እንደ ድሮው አይደሉም። ከነሱ በታች ያለ የሌላ መንደር ሰዎች የራሳቸውን ምንጭ ለመጠበቅ እንደተነሱ፣ እማማም እየሄዱ እንደሚያሳዩአቸው ሰማሁ። ባለፈው ሐምሌ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውላ ስልኩን ለእሳቸው ሰጠቻቸው።

"እማማ፣ ቦዩ በዝናቡ ተናደ ሲሉ ሰማሁ። ቅዳሜ ልምጣ?" አልኳቸው።

"ትናንት ጠገንነው" አሉኝ። ከኋላቸው የሴቶች ሳቅና የአካፋ ድምፅ ይሰማል። "መንገዱ ጭቃ ነው፣ አትድከሚ። ሲደርቅ ለእንግድነት ነይ።"