የየሻረግ ውሃ ልክ

ወይዘሮ የሻረግ ካራቫን የሚሉትን ተጎታች ቤት ልትገዛ ነው የተባለ ጊዜ ክሎተን ያሉ ወዳጆቿ ሳቁ። ከገዛችውም በኋላ ሳቁ። ራሷ እየነዳች፣ ከመኪናዋ ኋላ አስራ እየጎተተች ጄኔቫ ድረስ ልትወስደው መሆኑን ሲሰሙ ግን ሳቁን ትተው ይመክሯት ጀመር።

የሻረግ ደግሞ ከሳቁ ይልቅ የምትጠላው ምክሩን ነው።

ከአዲስ አበባ ከወጣች ጀምሮ ኑሮዋ ዙሪክ አጠገብ፣ ክሎተን ነበር። እስከ ጡረታዋ ድረስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን ስታጸዳ ኖረች። አንዱ መንገደኛ ሲወርድ ትገባለች፣ ሌላው ሳይሳፈር ትወጣለች። ወንበር ኪስ ውስጥ የተረሳ የልጅ ካልሲ፣ የተገመጠ ብስኩት፣ የታጠፈ መጽሔት ታነሳለች። ቀበቶዎቹን አጋጥማ ታስተኛለች። ባንኮክ ለሚሄድ፣ ናይሮቢ ለሚሄድ ወንበር ስትጠርግ ውላ እሷ በአውቶቡስ ቤቷ ትገባለች። «የኔን ያህል አውሮፕላን ውስጥ የገባ የለም። አንዱም ግን ይዞኝ አልተነሳም» ትል ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ቢሆንም ሰሚው ለመሳቅ ያመነታል።

ጡረታ እንደወጣች የምትኖርበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተባለ። አርጅቷል፣ በምትኩ አዲስ ይሠራል፣ ተከራዩ ሁሉ ይልቀቅ። ዙሪክ አካባቢ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል። አንድ ልጇ እንድሪያስ ጄኔቫ፣ ሻትሌን ነው የሚኖረው። ወሬውን እንደሰማ ደወለ።

«እማዬ፣ በቃ እኛ ጋ ትገቢያለሽ። የልጆቹ ክፍል ውስጥ አልጋ እንጨምራለን።»

«አልገባም።»

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። ባለፈው ዓመት ልትጠይቃቸው ሄዳ ያደረች ጊዜ የእመቤታችንን ሥዕል ከሻንጣዋ አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አቁማ ነበር። የልጇ ሚስት ሔዋን ጴንጤ ናት፤ ቤቷ ሥዕል አይቆምም። በማግስቱ የሻረግ ሥዕሏን ያገኘቻት መሳቢያ ውስጥ፣ በንጹሕ ፎጣ በደንብ ተጠቅልላ ነው። ሔዋን ክፉ ቃል አልተናገረችም። የሻረግም አልተናገረችም። ቁርስ በልተው፣ ተሳስመው ተለያዩ። ያን ቀን ባቡር ውስጥ ሆና ግን አንድ ነገር ቆረጠች፤ እመቤቴን መሳቢያ ውስጥ አስገብቼ አልኖርም።

ካራቫኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያረጀ ነው፤ ውስጡ ግን አልጋም፣ ምድጃም፣ ጠረጴዛም አለው። ለበጋው ጄኔቫ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ካለ ካምፒንግ፣ ድንኳንና ካራቫን ከሚያርፍበት ሜዳ፣ ቦታ ያዘች። ክረምቱ እስኪገባ ቤት ትፈልጋለች።

«የልጅ ልጆቼን በየቀኑ አያለሁ» አለችው እንድሪያስን፤ «በራሴ በር ገብቼ በራሴ በር እወጣለሁ።»

እንድሪያስ ብዙ ተከራከረ። በመጨረሻ የደከመው መሰለ። «ካሩዥ ሰፈር ካራቫን የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ» አላት። «እሑድ ከጸሎት እንደወጣን እንመጣለን። ብቻሽን አቁመሽው፣ ቀጥ ብሎ ካገኘሁት ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካልሆነ ሰውየው ይወስደዋል፤ አንቺ ደግሞ እኛ ጋ ትገቢያለሽ። እሺ?»

«እሺ» አለች። ልቧን የሞላው ካራቫኑ ውስጥ የለጠፈችው ትንሽ ሣጥን ነበር።

ካራቫን እንደ ቤት መሠረት የለውም። የቆመበት መሬት ካዘመመ አብሮ ያዘማል። ያኔ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም፣ ውሃው ከመታጠቢያው አይወርድም፣ የተኛም ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ሲንሸራተት ያድራል። ድሮ ሰዉ ግንበኛ የሚይዘውን ውሃ ልክ ወለሉ ላይ እያስቀመጠ፣ እየወጣ እየገባ ነበር የሚያስተካክለው። የሻረግ የገዛችው ኤሌክትሮኒክ ውሃ ልክ ነው። ከክብሪት ቀፎ እምብዛም አይበልጥም፤ ራሱ ላይ ቀስት ተስሎበታል። ስልኳ ላይ የካራቫን ምስል ያሳያትና የቀኙ ጎማ ይህን ያህል ይነሳ፣ ፊቱ ይህን ያህል ዝቅ ይበል ይላታል። ጎማው ሥር ሽብልቅ አስገብቶ መኪናውን ወደፊት ነዳ ማድረግ፣ ቀጥሎ መኪናውን ፈትቶ መጎተቻው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ በመዘውር ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ሥራ። ከሥራ ባልደረባዋ ከወርቅውሃ ጋር ሆና ከሕንፃው ጀርባ ባለው ማቆሚያ ደጋግማ ሞክራዋለች። አንድም ጊዜ አላሳፈራትም።

የለጠፈችውም በዋዛ ቦታ አይደለም። የእመቤታችን ሥዕል የምትቆምባት ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ አለች። ሣጥኑን እዚያች ላይ፣ ከሥዕሏ እግር ሥር፣ ቀስቱን ወደ ግድግዳው አድርጋ አጣበቀችው። የአዲስ መኪናዋን ቁልፍም በጊዜው እዚያው አሳድራዋለች።

«ማሽን ጥበቃ ይፈልጋል እንዴ?» ብላት ነበር ወርቅውሃ።

«የማይፈልግ ምን አለ?»

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነሳች። በዚህ አገር እሑድ ከባድ መኪና አይንቀሳቀስም፤ አውራ ጎዳናው ባዶ ነበር። ቅዳሴ ስላመለጣት ይቅርታ እየጠየቀች፣ የቀኙን መስመር ሳትለቅ፣ ጡሩምባ የነፋባትን ሁሉ ዞር ብላ ሳታይ ጄኔቫ ገባች።

የካምፒንጉ ሰው ቦታዋን በእጁ አሳያት። ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ በዙሪክ የለመደችው ጀርመንኛ እዚህ አልሠራላትም። ጎረቤቷ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ካራቫኑ ሲገባ ወንበራቸውን ከሐይቁ አዙረው ወደ እሷ አደረጉት። ካምፒንግ ውስጥ እንዲህ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ሲያስተካክል ማየት ሲኒማ ነው።

ከሁሉ በፊት ወደ ውስጥ ገብታ በስልኳ ምሥራቅ ወዴት እንደሆነ አየች። ሥዕሏ የምትቆመው በምሥራቅ ግድግዳ ነው፤ ይህ አይለወጥም። ካራቫን ግን ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ስለሚቆም የሻረግ በየግድግዳው መስቀያ አበጅታለች። ክሎተን ማቆሚያው ውስጥ ምሥራቅ በፊት በኩል፣ በመጎተቻው አቅጣጫ ነበር። እዚህ በግራ በኩል ሆነ። መደርደሪያዋን ከነሥዕሏ አንስታ በግራው ግድግዳ ሰቀለች፣ አማተበች፣ ወጣች።

ስልኩ «ቀኙ ዝቅ ብሏል» አላት። ሽብልቁን ቀኝ ጎማ ሥር አስገብታ መኪናውን ነዳ አደረገች። ወርዳ ስልኩን አየች። ቀኙ እንደነበረው ነው። ጭራሽ አሁን ፊቱም ዝቅ ብሏል ይላል።

ሽብልቁን ጨመረች። ቀኙ ንቅንቅ የለም፤ ፊቱ ባሰበት።

መኪናውን ፈታች፤ ፊቱን በመዘውር ወደ ላይ አነሳችው። አሁን ፊቱ ፍንክች አላለም፤ ቀኙ ደግሞ ብድግ አለ። ውስጥ የቁም ሣጥኑ በር ራሱን ከፍቶ ሲላተም ተሰማት፤ አንድ ሽንኩርት ከመደብ ወድቆ ወለሉን አቋርጦ ሲንከባለል ሰማች። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነስተው ረጅም ቢጫ ውሃ ልክ አንጠልጥለው መጡ።

«ማዳም?»

«ኖ፣ ሜርሲ» አለች የሻረግ። የምታውቃት ፈረንሳይኛ ይህችው ናት፤ ዛሬ በደንብ አገለገለቻት።

መዘውሩን እንደያዘች እንድሪያስና ሔዋን በመኪና ደረሱ። እንድሪያስ የሰንበት ሸሚዙን እንደለበሰ ወርዶ ካራቫኑን ከዳር እስከ ዳር አየው።

«እማዬ፣ ይሄ ቤት ነው ጀልባ?»

«ጀልባም ቢሆን የኔ ነው።»

«ወደ ግራ ሊገለበጥ ነው እኮ። ስልኩ ምን ይላል?»

«ግራው ምንም አልሆነም ይላል።»

እንድሪያስ ሳቁን ዋጠ። «በይ ነይ፣ ስጪኝ መዘውሩን። ላስተካክልልሽና ለሰውየው እደውላለሁ። ውላችን እኮ ስመጣ ነው። መጣሁ።»

«እጅህን አንሳ።»

«እማዬ…»

«እጅህን አንሳ አልኩህ። ቀጥ ብሎ ካገኘሁት ነው ያልከኝ፤ ገና ምኑን አገኘኸው? ቤት በደጅ ቆመው አይለኩትም። ግባ እስክልህ እዚያ ጋ ከሰውዬው ጋር ቁጭ በል።»

ሽማግሌው ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ሁለተኛ ወንበር አወጡ። እንድሪያስ ሄዶ ተቀመጠ።

ሔዋን ይህን ሁሉ አልሰማችም። የያዘችውን የምግብ ሳህን ልታስቀምጥ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። ወለሉ ስላዘመመ አንድ እግሯ ሲዳልጣት ግድግዳውን በትከሻዋ ገፋችው፤ መደርደሪያዋ ከመስቀያዋ ተነቀለች። የሻረግ በሩ ጋ የደረሰችው በዚህ ሰዓት ነው። ሔዋን ሳህኑን ለቀቀችው። ሥዕሏን ግን ከነመደርደሪያዋ አየር ላይ ቀለበቻት፤ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት።

ምስር ወጡ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ወደ ግራ።

«ይቅርታ እማማ» አለች ሔዋን። «አልነካችም። ምንም አልሆነችም።»

የሻረግ ወጡንም ሳህኑንም አላየችም። የምታየው ሔዋንን ነው። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫት፣ ልጄ» አለቻት።

ሔዋን መደርደሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈቻት። ሥዕሏ ከኋላ በኩል ወዳለው በር እንድታይ ፊቷን አዞረችላት፤ እንግዳ አክብሮ እንደማስቀመጥ። የሻረግ እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየችው። አሁን ቁጥሩ ሌላ ነበር። ግራው ዝቅ ብሏል ይላል፤ ፊቱ ደህና ነው ይላል። ልክ ዓይኗ የሚያየውን።

«እስቲ አዙሪያት።»

«ወዴት እማማ?»

«ዝም ብለሽ አዙሪያት፤ ቀስ እያልሽ።»

ሔዋን አዞረች። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ ግራ የነበረው ፊት ሆነ። የሻረግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ነገሩ ይህ ነው። ሣጥኑ ላይ የተሳለው ቀስት ሁልጊዜ ወደ መጎተቻው መዞር አለበት፤ ፊት የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ነው። ክሎተን ውስጥ ፊቱም ምሥራቁም አንድ ስለነበሩ አልተሳሳተም። እዚህ ግን ሥዕሏ ወደ ግራ ግድግዳ ስትሄድ ሣጥኑም አብሯት ሄደ፤ የግራውን ጎን ፊት ነው ብሎ ሲቆጥር ዋለ። መሬቱ ያዘነበለው ወደ ፊት ሆኖ ሳለ ቀኙን አንሺ ሲላት የነበረው በዚህ ነው።

«እመቤቴ አልተሳሳተችም» አለች የሻረግ እንባዋን እየጠረገች። «እኔ ነኝ ደርቤ ያሠራኋት። ያዢልኝ።»

ሔዋን ሥዕሏን እንደገና አቀፈች። የሻረግ በዳቦ ቢላ ሣጥኑን ከመደርደሪያዋ ፈልቅቃ፣ ፊት በኩል ካለው መቀመጫ ሥር ወለሉ ላይ፣ ቀስቱን ወደ መጎተቻው አድርጋ አጣበቀችው። ወጥታ መኪናውን መልሳ አሰረች፤ ከሽብልቁ ላይ አወረደችው፤ ሽብልቁን አውጥታ ወረወረች። መኪናውን ፈትታ መዘውሩን ያዘች። እንድሪያስ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ አየችው፤ ተቀመጠ።

የቀረው ፊቱ ብቻ ነበር። ሣጥኑ አዲሱን ቦታውን እንዲለምድ ግን ልክ የሆነውን አንድ ጊዜ ልታሳየው ያስፈልጋል። ወደ ሽማግሌው ሄዳ እጇን ዘረጋች። ቢጫውን ውሃ ልክ ሰጧት። ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ወጥታ መዘውሩን ጥቂት አዞረች፤ ገብታ አየች፤ እንደገና አዞረች። አረፋዋ መሐል ገባች። ስልኳ ላይ መነሻው ይህ ነው ብላ ተጫነች። ከዚያ የማዕዘን እግሮቹን አራቱንም አወረደች፣ ምስሩን ጠርጋ ወለሉን አጠበች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ በሩን ከፈተች።

«አሁን ግባ።»

እንድሪያስ ጫማውን አውልቆ ገባ። ወለሉን በእግሩ ጫን ጫን አደረገው። ሽንኩርቱን አንስቶ ጠረጴዛው መሐል ላይ አኖረው፤ ቆሞ ጠበቀ። ሽንኩርቱ አልተንቀሳቀሰም።

«ሔዋን ረድታሻለች እኮ» አለ በመጨረሻ። «ብቻሽን ነበር ያልነው።»

«ሔዋን የያዘችው እመቤቴን ነው። ካራቫኑን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ሔዋን እስካሁን መሐል ቤት ቆማለች፤ መደርደሪያዋን ከእጇ አላወረደችም። ወዲያ ወዲህ አየች። «እማማ፣ ምሥራቅ በየት በኩል ነው?»

የሻረግ በአገጯ አሳየቻት። ሔዋን መስቀያውን ፈልጋ ሰቀለቻት፤ እንዳታዘም በመዳፏ አስተካከለች። የጸሎት ቤቷን ወንድሞችና እህቶች ዓይን ያሰበች ይመስል አንድ አፍታ ቆም አለችና የቀረውን እንጀራ ልታቀርብ ዞረች።

እንድሪያስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ሰውየው እየጠበቀኝ ነው። ምን ልበለው?»

የሻረግ መስኮቱን ከፍታ ሐይቁን እያየች ነበር። ዞር አላለችም።

«ሰው አለበት በለው።»