ስልሳ ኪሎ ለመግባት በላስቲክ ኩሬ

ቦክሰኛ በነበርኩበት ዘመን መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ከእኔ ሌላ አራት ቦክሰኞች ነበሩ። ዋና የሚችል ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከየትስ ይመጣል? የእኛ አገር ወንዝ በክረምት ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ነው፣ በበጋ ደግሞ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ብርዱም ሰው ፊቱን ለመታጠብ እንኳ ሁለቴ እንዲያስብ ያደርገዋል። አሠልጣኛችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ምጽዋ የኖሩ ሰው ናቸው።

የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኑ። በትርፍ ሰዓታቸው ደግሞ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ሰቅለው ቦክስ ያስተምሩናል። እኔ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውልና ከሥራ ስወጣ ጆንያውን እደበድባለሁ።

የዞኑ ውድድር በኅዳር ሚካኤል ማግስት ደብረ ብርሃን ላይ እንደሚደረግ ሲሰማ፣ አሠልጣኜ ገበያ ወስደው የእህል ሚዛን ላይ አቆሙኝ። ስልሳ አራት ኪሎ።

«አንተ የስልሳ ኪሎ ሰው ነህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሚዛኑ እኮ ስልሳ አራት ነው የሚለው።»

«ሚዛኑ ምን ያውቃል? በዚህ ረጅም ክንድህ ስልሳ ኪሎ ብትገባ የሚደርስብህ የለም። እላይ ያሉት ግን ይበሉሃል።»

«እንግዲያው ሩጫ ልጨምር?»

«ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል። መድኃኒቱ ዋና ነው። ስብ ያቀልጣል፣ ሳንባ ይከፍታል፣ መገጣጠሚያ አይጎዳም። ምጽዋ ቦክሰኞቻችን ጠዋት ጠዋት ባሕር ገብተው ሲወጡ እንደ ክር ነበር የሚቀጥኑት።»

ባሕር አልነበረንም። ኩሬ ግን ሞልቶ ነበር። ያ ዓመት ውሃ የማቆር ዘመቻ የታወጀበት ስለነበር በየገበሬው ጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጥቁር ላስቲክ ተነጥፎበት፣ የክረምቱ ዝናብ ተጠራቅሞበታል። ለመስኖ ነው ተብሏል። ውሃው ከጉድጓዱ ወጥቶ እንዴት ማሳው ላይ እንደሚደርስ የሚያስረዳው ደብዳቤ ግን እኔ መዝገብ ቤት እስካለሁ ድረስ አልመጣም።

አንድ ሳምንት ሙሉ መጋዘኑ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ ተኝቼ እጅና እግሬን አወራጨሁ። አሠልጣኜ እየዞሩ ያርማሉ፣ «አሁን መሀል ባሕር ገብተሃል» እያሉ ያበረታታሉ። በሳምንቱ ዋና መቻሌን መሰከሩልኝ።

የመረጡት ኩሬ ከከተማው በሩጫ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ነበር። የኩሬው ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ጠንካራ ሴት ናቸው። ጥቅምት ነው፤ አመዳዩ ሣሩን ነጭ አድርጎታል። ልብሴን ሳወልቅ ሲያዩኝ ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ቀረቡን።

«ምን ሊያደርግ ነው?» ብለው አሠልጣኜን ጠየቁ።

«ሊዋኝ ነው። ለቦክስ።»

«ቦክስ ማለት ድብድብ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው ውሃ ውስጥ የሚደባደበው?»

አሠልጣኜ ትንሽ አሰቡና «ከክብደቱ ጋር» አሉ።

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ከዚህ ላይ ደግሞ ምኑ ሊቀነስ?» አሉ። ቀጥለውም «ሳሙና ካልያዘ ይግባ፤ በጎቼ ይጠጡታል» ብለው ፈቀዱ።

ዘልዬ ገባሁ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሳለሁ ስለ ብርድ የነገረኝ አልነበረም። ትንፋሼ ቀጥ አለ። የተማርኩት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። እግሬ መሬት ሲፈልግ መሬት የለም። ዳሩን ስይዝ ላስቲኩ እንደ ቅቤ ያሙለጨልጫል። ሰመጥኩ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ሰመጥኩ። በወጣሁ ቁጥር የአሠልጣኜን ድምፅ እሰማለሁ፤ ዳር ላይ ቆመው፣ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ክንድህን ዘርጋ! እግርህን አትርሳ!» ይላሉ። በመዋኘት ላይ ያለሁ መስሏቸዋል። ወይም እንዲመስላቸው ፈልገዋል።

ሴትዮዋ ግን የሚሰምጥ በግ አይተው ያውቃሉ። የአህያ መጫኛ ገመድ ይዘው መጡና ወረወሩልኝ፤ ያዝኩት፤ በሆዴ እየተንሸራተትኩ እንደ ጭነት ተጎትቼ ወጣሁ።

ቤታቸው አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡኝ፣ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ጥርሴ መንገጫገጩን ተወት ሲያደርግ ወደ አሠልጣኜ ዞርኩ። ከእኔ ይልቅ የሚንቀጠቀጡት እሳቸው ነበሩ።

«ጋሼ፣ ለምን አልገቡም?»

«ዋና አልችልም» አሉ፣ እሳቱን እያዩ።

«ምጽዋስ?»

«ምጽዋ የቦክሰኞቹን ልብስ ነበር የምጠብቀው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ መቆጣት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። ያ ሁሉ ዓመት ባሕር ዳር ቆመው የሰው ልብስ የጠበቁ ሰው፣ ምን ያህል እንደተመኙት ታየኝ።

በማግሥቱ ተመለስን። ወገቤን በመጫኛው ታስሬ ሴትዮዋ ጫፉን ይዘው፣ ከዳር ዳር መንቦጫረቅ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት በእርግጥም ተንሳፈፍኩ። ችግሩ የመጣው ከውሃው ሳይሆን ከውሃው በኋላ ነው። ያ ብርድ እንደዚያ ያለ ረሃብ እንደሚያመጣ የነገረኝ የለም። ሴትዮዋም «ከእኔ ኩሬ የወጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይሄድም፣ መንገድ ላይ ወድቆ ለሰው አፍ አይሰጠኝም» ብለው በየጠዋቱ የገብስ ገንፎ በቅቤ ያቀርባሉ፤ ረቡዕና ዓርብ በተልባ። አሠልጣኜም ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው አብረውኝ ይበላሉ።

የገበያው ሚዛን ለማዳበሪያ ሥራ ወደ ሌላ ቀበሌ ስለተወሰደ የምመዘነው በአሠልጣኜ ዓይን ነበር። «ስልሳ ገብተሃል፣ ጉንጭህ ጎድጉዷል» ይሉኛል። ሱሪዬ ሲጠበኝ ደግሞ «ጡንቻ ነው» ይላሉ።

ደብረ ብርሃን ሚዛን ላይ ወጣሁ። መዛኙ «ውረድና ድጋሚ ውጣ» አለኝ። ወረድኩ፣ ወጣሁ። ስልሳ ስምንት። አሠልጣኜ ወደ ጣሪያው አዩ። በሰባ አንድ ኪሎ ምድብ መዘገቡኝ። በዚያ ምድብ ከዞኑ ሁሉ የተመዘገበው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጓንቴን አድርጌ ሪንጉ ውስጥ ገባሁ፣ ዳኛው እጄን አነሣ፣ የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቁልኝ። አፍሬ ነበር፤ ግን አላወለቅኩትም።

ስመለስ ስለ እኔ የተጻፈ ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ፤ የውሃ ማቆር ሥራው ከመስኖም አልፎ ለስፖርት ዕድገት አስተዋጽኦ ማድረጉን ይገልጻል። ቁጥር ሰጥቼ ፋይል አደረግኩት። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ወረዳ ለልምድ ልውውጥ የመጡ እንግዶች ኩሬውን ከበቡት።

«እናት፣ በዚህ ኩሬ ምን ተጠቀሙ?» ብለው ሴትዮዋን ጠየቋቸው።

«አንድ ሰው አወጣሁበት» አሉ።

አጨበጨቡላቸው። ጸሐፊውም «አንድ ስፖርተኛ አፍርተዋል» ብሎ ጻፈ።

የክልሉ ውድድር ላይ ግን ሰባ አንድ ኪሎ ውስጥ ሰው ነበረበት። በሁለተኛው ዙር ምንጣፉን በጀርባዬ ለካሁት። አሠልጣኜ ጥግ ላይ ፊቴን በእርጥብ ፎጣ እየጠረጉ፣

«ምግቡን መቀነስ ነበረብን» አሉኝ።

«ለሴትዮዋ ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል?»

አሰቡበትና «እሱስ እውነት ነው» አሉ።

ያ የመጨረሻ ግጥሚያዬ ሆነ። ኩሬው በጥር ደረቀ። ሴትዮዋ ላስቲኩን አንስተው የገለባ ክምራቸውን አለበሱበት፤ ዝናብ አላሳልፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ደህና አገለገላቸው።