የንግሥቲቱ ጸሐፊና እኔ

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነው። ቶሮንቶ ስገባ ደግሞ እንግሊዝኛውን እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሬክስዴል ሰፈር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሳነሳ ሰንብቼ ቅዳሜ ጠዋት የጎልማሶች ክላስ እሄዳለሁ። እያንቀላፋሁ።

አስተማሪዋ የሰጠችን መጽሐፍ ስለ አንዲት የአውሮፓ ንግሥት ነበር። ቋንቋውን ወደማታውቀው አገር በልጅነቷ ተድራ የሄደች ናት። በቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ አለ፤ የእሷን ኑሮ የሚጽፈው እሱ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶባት ከክፍሏ አልወጣ ስትል፣ ሰውዬው የንጉሡን አደንና የግብር ድግሱን በሰፊው ጽፎ፣ ስለ እሷ «ንግሥታችን በደስታ ላይ ናቸው» ብሎ አለፈ።

«ይሄ ሆዳም!» አልኩ በአማርኛ።

አስተማሪዋ ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ።

«ጎበዝ ሠራተኛ ነው» አልኳት።

ባለቤቴ ማንበብ አትችልም። ቶርንክሊፍ ፓርክ ካለው አፓርትመንታችን፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ለእናቷ የምትለውን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አርግዣለሁ በልልኝ አለች፤ ጻፍኩ። በአራተኛው ወር ወረደባት። ከሆስፒታል በተመለሰች በሳምንቷ ጠራችኝ።

«ጻፍ። እማዬ፣ ልጁ ወረደብኝ። አይዞሽ የሚለኝ ሰው አጣሁ በል።»

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በደብዳቤ አይላክም። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው የሚነገር። ይሄ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሌላው፣ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ «አይዞሽ የሚለኝ አጣሁ» የሚለውን በገዛ እጄ ልጽፍ? «እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን፣ ልጅዎም ተመችቷታል» ብዬ ጨረስኩ። አንብብልኝ ስትለኝ የማነብ መስዬ ያለችውን በቃሌ ወጣሁላት። አለቀሰች። ፖስታውን አሸግኩ።

ከወራት በኋላ ከአገር የመጣ ሰው እናቷ የላኩትን እቃ አደረሰልን። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፈታችው። የገንፎ ዱቄት። ለአራስ የተነጠረ ቅቤ። ከሁሉ በታች አንዲት የሕፃን መታቀፊያ ጋቢ።

ጋቢዋን ጭኗ ላይ ዘረጋቻት።

«አልጻፍክላትም።»

«እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።»

«እናቴ ስድስት ወልዳ ሁለት ቀብራለች። መደንገጥ ታውቅበታለች። የፈራኸው አንተ ነህ፣ አንተ ሰውዬ!»

ያ ሆዳም ጸሐፊ እንኳ ደሞዝ ነበረው።

«አሁን ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩ፤ አይዞሽ የሚላት ማጣቷንም ጭምር። አንብብልኝ አላለችኝም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ዘንድ ልታስነብብ ወረደች። ተመልሳ ስትመጣ፣

«ያልኩትን ጽፈሃል» አለች።

ከዚያ በኋላ የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ይነበብ ነበር። እስክትመለስ የሥራ ጫማዬን ሳላወልቅ ወንበሩ ላይ እጠብቃለሁ። ዓመታት ሄዱ። እኔም አይዞሽ አላልኳት።