አሮጌዋን አውሮፕላን ማሞቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ በጋ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ የሣር ማረፊያ ላይ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ስጠግን አሳለፍኩ። ባለ አንድ ሞተር፣ አራት ሰው የምትይዝ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ አውሮፕላን ነበረች። የአፈር መሸርሸርን ከአየር ፎቶ እያነሣ ለሚያጠና ሥራ ተከራይታ ነው የመጣችው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቡሬ ነው። አለቃችን «ጎጃም ማን ይሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላ መካኒክ ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ።

የምንበረው በጧት ነበር። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይነሣል፣ ከሰዓት ደግሞ ከየአውድማው የሚነሣው ብናኝ አየሩን ያደፈርሰዋል። ጥሩ ፎቶ የሚገኘው ፀሐይ እንደወጣች ነው። ችግሩ ብርዱ ነው። ማረፊያው ላይ ጋቢ ይበቃል። ከቋሪት አልፈን ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ስንል ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አብራሪያችን በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ካፒቴን ነው የምንላቸው። አንድ ቀን አርፈው ሲወርዱ ጣቶቻቸው ደንዝዘው የበሩን እጀታ መያዝ አቃታቸው። ከኋላ ተቀምጣ ፎቶ የምታነሣው ወጣት የአፈር ባለሙያ ደግሞ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

«ይቺ ነገር ማሞቂያ የላትም እንዴ?» አለችኝ።

«አላት። ግን የቀድሞ ባለቤቶቿ ቱቦውን ነቅለው አፉን ደፍነውታል።»

«መልሰሽ ብትገጥሚውስ?»

«ለምን እንደነቀሉት ሳላውቅ አልገጥመውም» አልኳት።

ማሞቂያው የሚሠራው እንዲህ ነው። የሞተሩ የጋለ ጭስ በማርሚታው ውስጥ አልፎ ይወጣል። ማርሚታው ዙሪያውን የላሜራ ልባስ አለው። ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር በልባሱና በማርሚታው መካከል ሲያልፍ ይሞቅና በቱቦ ወደ ካቢኑ ይመጣል። ስለዚህ እኛ የምንተነፍሰውን አየርና የሞተሩን ጭስ የሚለያቸው አንድ ስስ ብረት ብቻ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ከሙቀቱ ጋር በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝም ይገባል። መርዙ ደግሞ ሽታም መልክም የለውም።

ያን ቀን ልባሱን ፈታሁት። ማርሚታውን አውርጄ አንደኛውን አፉን ደፈንኩና በሌላው በኩል ከከተማው ጎሚስታ ባመጣሁት ኮምፕሬሰር ቀስ ብዬ አየር ሰደድኩበት። ከዚያ ብረቱን ሁሉ የሳሙና ውኃ ቀባሁት። ለዐይን ምንም አይታይም ነበር። ብየዳው ጥግ ላይ ግን አረፋው ፍልቅ፣ ፍልቅ ማለት ጀመረ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር።

ካፒቴኑ ጎንበስ ብለው አዩት። «ቡሬ ጎበዝ በያጅ አለ ስትዪ ሰምቼ የለ?» አሉኝ።

«አለ፣ ካፒቴን። የመኪና ቢሆን አሁኑኑ ይዤለት እሄድ ነበር። ይህ ግን በእኛ ሥራ የተፈቀደለት ሰው ካልነካው አይሆንም። አዲስ እንዲላክልን እጠይቃለሁ።»

«እስከዚያ ማሞቂያውን ደፍነሽ በብርዱ ብንሄድስ?»

«ከተሰነጠቀ ማርሚታ የሚወጣው እሳት ሞተሩንም ሊያያይዝ ይችላል። እስኪመጣ አትበርም።»

ትክ ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ቆመናል» ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ። ባለሙያዋ ግን ከፋት። ገበሬው ቃርሚያውን ማቃጠል ከጀመረ ሰማዩ በጭስ ይሸፈናል፣ ሥራዋም ይበላሻል። «ለአንዲት ቀዳዳ!» አለች።

የማረፊያው ጠባቂ የአካባቢው ገበሬ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው ነበር።

«ይህ የምትሉት ነገር እኔን ያውቀኛል» አሉ።

«እንዴት አባባ?» አልኳቸው።

«ሽንዲ ለለቅሶ ሄጄ፣ ክረምት ነው፣ እንግዳ ይሞቀው ብለው የከሰል ምድጃ አስገብተው በሩን ዘጉልኝ። የክብር መሆኑ ነው። እንቅልፉ እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ! በሩን ገንጥለው ጭቃው ላይ ሲያጋድሙኝ፣ ምነው ተኝቼበት ብዬ ተቆጣኋቸው። ሁለተኛ ለቅሶ ሊቀመጡ ነበር።»

ባለሙያዋ ከዚያ በኋላ ስለ ቀዳዳዋ አላነሣችም። እንዲያውም በማግስቱ ካሜራዋን ይዛ በሚኒባስ ገበዝ ማርያም ወጣች፤ ከአየር ልታነሣ ያሰበችውን፣ ጎርፍ የበላውን ቦረቦር ሁሉ በእግሯ እየዞረች አየች።

አዲሱ ማርሚታ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውቶቡስ ተላከልን። ከመግጠሜ በፊት እሱንም በሳሙና ውኃ ፈተንኩት፤ አዲስ ነው ብዬ አላለፍኩትም። ልባሱን አለበስኩት። ቱቦውን ሙቀት በሚችል አዲስ ቱቦ ቀየርኩና በሁለቱም ጫፍ በብረት ማሰሪያ፣ በፋሸታ፣ አጠበቅሁት። ሙቀቱን ከካቢኑ የሚዘጋው በር እስከ መጨረሻው መዘጋቱን ደጋግሜ አየሁ። ችግር ቢመጣ መጀመሪያ የምንዘጋው እሱን ነውና። መርዛማውን ጋዝ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አብራሪው ፊት ለፊት አሰርኩ። ሞተሩን አስነሥተን መሬት ላይ ስንፈትነው መሣሪያው ዜሮ አለ።

ለሙከራ ከካፒቴኑ ጋር ሁለታችን ብቻ ተነሣን። ማሞቂያውን ስከፍተው እግሬ ሥር ለብ ያለ አየር መጣ። ካፒቴኑ «እሰይ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ዝግ ብለው፣ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና አድርገው ሲወጡ ግን መሣሪያው ቁጥር መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ጮኸ።

«ዘጋሁት» አልኩ። የአየር ማስገቢያዎቹንና በእኔ በኩል ያለውን መስኮት ከፈትኩ። ብርዱ ፊቴን ገረፈኝ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«አያመኝም። እርስዎስ?»

«ደኅና ነኝ። እንመለስ።» ድምፃቸው ሻይ እንደሚያዝ ሰው የረጋ ነበር።

ማሞቂያው ተዘግቶም ቁጥሩ ቶሎ አልወረደም። ይህ ነገር የሚፈለግበትን ቦታ ነገረኝ። ጭሱ የመጣው በማሞቂያው በኩል አይደለም። ካረፍን በኋላ መስኮቶቹን ሁሉ በጋቢ ሸፍኜ ውስጡን አጨለምኩና ከመሪው ሥር በጀርባዬ ተኛሁ። ካፒቴኑ በሞተሩ በኩል ብርቱ የእጅ ባትሪ አበሩልኝ። ሞተሩንና ካቢኑን የሚለየው የብረት ግድግዳ ላይ፣ ከሽቦ እሥር ኋላ፣ አንዲት የብርሃን ነጥብ አየሁ። ድሮ አንድ መሣሪያ ተነቅሎ ቀዳዳው ሳይደፈን ቀርቶ ኖሯል፤ ዝግ ብለን ቀና ስንል ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ በዚያ ይሳብ ነበር።

«አገኘኋት!» ብዬ ጮህኩ።

«በይ አሁን ቅበሪያት» አሉኝ ከውጭ።

ቀዳዳውን በብረት ክዳንና እሳት በሚችል ማሸጊያ ደፈንኩት። የመግቢያውን በር ያረጀ የዙሪያ ጎማም ቀየርኩት፤ ጭስ በዚያም በኩል ሊሳብ ይችላልና። ማሸጊያው ሲደርቅ እንደገና ወጣን። ዝግ ብለን፣ ፈጥነን፣ ቀና ብለን፣ ወርደን፣ ማሞቂያውን ከፍተንም ዘግተንም ሞከርን። መሣሪያው ከዜሮ አልተነቃነቀም። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ባለሙያዋን «አሁን ነይ» ያልኳት።

ሰማዩ ገና ንጹሕ ነበር። እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። የቋሪትን ዳገቶች አንሥታ ጨርሳ ስንመለስ፣ ባለሙያዋ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗ ተከደነ። መሣሪያውን አየሁ፣ ዜሮ ነው። ቢሆንም ትከሻዋን ያዝኩና ነቀነቅኳት።

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ምንም። ስምሽን ንገሪኝ።»

ስሟን በንዴት ነገረችኝና ተመልሳ ተኛች።

በቀጣዩ ሳምንት ሥራው ወደ ወንበርማ፣ ወደ ዓባይ ቆላ ዞረ። ከፍኖተ ሰላም ስንነሣ ጧቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ማሞቂያውን ከፈትኩት። ከሽንዲ አልፈን ቆላው ላይ ዝቅ ስንል ካቢኑ እንደ ዳቦ ቤት ጋለ። ካፒቴኑ የሸሚዛቸውን አንገት እየፈቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን አይተናል፤ አሁን ዝጊልን» አሉኝ።

እጀታውን ገፋሁት። የማሞቂያው በር ግጥም ብሎ ተዘጋ።