ስኳርሽ ወርዶ ነው

በትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ክሊኒኬ ድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ሲገባበት ሞላ። በአጥሩ ጥግ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። እኔ ግን ከጠርሙሶቹ ሁሉ አብልጬ የምተማመነው ጥግ ላይ በተቀመጠው የስኳር ጣሳ ነበር።

በሁዳዴ ጾም የጠዋት ሰልፍ ላይ ልጅ ይወድቃል። ትምህርት ቤቱ ቁርስ ይመግባል፤ የሚጾም ልጅ ግን እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ የአቃቂ ፀሐይ ደግሞ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። የወደቀውን ልጅ ተሸክመው ያመጡልኛል። እግሩን ከፍ አድርጌ አስተኛውና «ትጾማለህ?» እለዋለሁ። «አዎ» ይለኛል። «በቃ፣ ስኳርህ ወርዶ ነው» ብዬ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሁለት ማንኪያ ስኳር በጥብጬ አጠጣዋለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድድ ይታያል። መምህራኑ «የሲስተር ጠበል» ይሉት ነበር። ሲሉኝ እንደ መቆጣት እላለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ስቆይ አንድ መጥፎ አመል አወጣሁ። ልጅ በሬ ላይ ሲቆም፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። በሒሳብ ፈተና ቀን ብቻ የሚነሳ የሆድ ቁርጠት አለ። ሐሙስ ሐሙስ የሚያም ጉልበት አለ፤ ስፖርት ሐሙስ ነውና። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። ያበላሸኝም እሱ ነው።

ልጅቱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ዝምተኛ፣ ስትናገር እንኳ መሬት መሬት የምታይ ልጅ ናት። መጀመሪያ የመጣችው ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። «አዞረኝ፣ ሲስተር» አለች። ትጾሚያለሽ ወይ አልኳት፤ እጾማለሁ አለች። ስኳር ውሃውን ሰጠኋት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና ደግሞ ባዶ ውሃ ለመነችኝ። መዝገቡ ላይ «ጾም፤ ስኳር ውሃ ተሰጥቷታል» ብዬ ጻፍኩ።

በሳምንቱ የክፍል ኃላፊዋ ራሱ ይዟት መጣ። «ይቺን ልጅ አንድ በያት እስቲ» አለኝ። «በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስቴ ሽንት ቤት ትላለች። ልጆቹ ስም አወጡላት።» ልጅቱ አጠገቡ ቆማ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሰማያዊ የውሃ ኮዳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ለመምህሩ ሳቅ ብዬ፣ «ቀኑን ሙሉ ኮዳ አፏ ላይ ደፍታ እየዋለች እንዴት አትሸና?» አልኩት። እሱም ሳቀ። ውሃ ቀንሺ ብዬ መከርኳት፤ ድካሟን ስትነግረኝ ደግሞ ያንኑ ጠበሌን አጠጥቼ ሰደድኳት።

ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ሰኞ ቀን ነበር። ሰኞ መምህራን ስኳር የሚለኩበት ቀን ነው። ከመምህሮቻችን አራቱ የስኳር በሽታ አለባቸው፣ ርዕሰ መምህሩን ጨምሮ። ሳጥን ውስጥ አንዲት መለኪያ አለችኝ፤ ደም የምታነብባቸው ቀጫጭን ወረቀቶች ግን ሁልጊዜ ስለሚያጥሩኝ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃቸው። ልጅቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። የዩኒፎርሟ ጉርድ ወገቧ ላይ አልቆም ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። የርዕሰ መምህሩን ጣት ስወጋ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየኝ ቆየችና፣

«ሲስተር፣ እኔንም ይለኩኝ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ርዕሰ መምህሩ «አንቺ ደግሞ ለስኳር የሚሆን ሥጋ የት አለሽ?» አላት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። «የኔ እናት፣ ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ ነው። ያንቺ ተቃራኒው ነው፣ ስኳርሽ ወርዶ ነው» አልኳትና ያን ቀን ገርጥታ ስላየኋት በሁለት ማንኪያው ላይ አንድ ጨመርኩ። አዝኜላት ነው የጨመርኩት። ብርጭቆውን ሳቀብላት አፏ የበሰለ ፍራፍሬ ሸተተኝ። ክሊኒክ ውስጥ ማስቲካ አይፈቀድም፤ «ትፊው» ብዬ መዳፌን ዘረጋሁላት። አፏን ከፈተች፤ ምንም የለም። ዋጠችው ብዬ ተቆጣኋት። አሥር ዓመት ያለፈኝ ነርስ ነኝ። ያ ሽታ ምን እንደሆነ ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅ እንኳ እመልሰው ነበር። የስኳር በሽታ ከአቅም በላይ ሲሆን ትንፋሽ እንደዚያ ይሸታል። አንድ ሕፃን ልጅ ላይ ግን ማስቲካ ነው አልኩ።

ስትወጣ ኮዳዋን ቀማኋት። «ይሄን ከእኔ ጋር ትተሺው ሂጂ፤ ስትለቀቂ መጥተሽ ትወስጃለሽ» አልኳት። አልተከራከረችም። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ከተማ ስብሰባ ነበረኝና ክሊኒኩን ቆልፌ ወጣሁ። ኮዳው መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳር ጣሳው አጠገብ አደረ።

ማክሰኞ አልመጣችም። ረቡዕ ጠዋት የክፍል ኃላፊዋ በሬ ላይ ቆመና፣ «ያቺ ልጅ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች» አለኝ። «ምን ሆና?» አልኩት። «ስኳር ነው አሉ።»

ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ እጄ ላይ ማንኪያ ነበር። ለሌላ ልጅ እየበጠበጥኩ ነበር። ብርጭቆውን መሬት ደፋሁትና ያን ልጅ ወደ ክፍሉ መለስኩት። ከዚያ መዝገቡን ገልጬ ያችን ሦስት ጊዜ የተጻፈች «ስኳር ውሃ ተሰጥቷታል» የምትል መስመር በእጅ ጽሑፌ አየኋት። በሽታውን እኔ አላመጣሁባትም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን በሽታው ሦስት ጊዜ በእግሩ መጥቶ አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ጊዜ እኔው መገብኩት፤ በመጨረሻም ውሃዋን ከእጇ ወሰድኩባት።

ሐሙስ ልጠይቃት ሄድኩ። ሳሪስ ወርጄ ለታማሚ የሚገዛ ነገር ፈለግኩ። ብርቱካን አነሳሁና መለስኩ፣ ጭማቂ አነሳሁና መለስኩ። ባለሱቁ «ምን ነካሽ እቴ?» በሚል ዓይን ያየኛል። በመጨረሻ ሁለት ትልልቅ የታሸገ ውሃ ገዝቼ ወጣሁ።

ልጅቱ ነቅታለች፤ ግን ደክማ ተኝታ ነበር። ሁላችንም ግሉኮስ የምንለው፣ በእውነቱ ግን ውሃና ጨው የሆነው ነገር በክንዷ ይገባላታል። እናቷን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየኋት፤ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች ሴት ናት። እንዳየችኝ ተነስታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሲስተር አንቺ ነሽ? ሲያዞረኝ የምትረዳኝ ሲስተር እያለች ስላንቺ ታወራልኛለች። እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችኝ። ቀጥላም ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ነኝ እኮ ለዚህ ያበቃኋት። እኔ ነኝ ጹሚ ያልኳት። የንስሐ አባታችን እንኳ ገና ልጅ ናት፣ እስከ ሦስት ሰዓት ይበቃታል ብለውኝ ነበር። እኔ እንቢ ብዬ እስከ ስድስት አስጾምኳት።»

«ጾም ስኳር አያመጣም» አልኳት። እውነቴን ነው።

«እንዲህ እስክትሆን ምን አባባሰባት ታዲያ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «አይዞሽ፣ ዋናው መትረፏ ነው» አልኳት። እናትየው እንደገና መረቀችኝ። ምርቃቱን ቆሜ ተቀበልኩና በደረጃው ወረድኩ።

ልጅቱ ከፋሲካ በኋላ ተመለሰች። ጠዋትና ማታ ቤት ውስጥ መርፌ ትወጋለች፤ ረፍት ሰዓት ላይ እየመጣች እኔ ጋ ትለካለች። ያን ረቡዕ ከመደርደሪያው ያነሳሁትን የስኳር ጣሳ የሐኪሞቹ መመሪያ መልሶ አስቀመጠው፤ መርፌ የሚወስድ ልጅ ስኳሩ በእውነት ሊወርድ ይችላልና። አሁን ግን ሳልለካ ማንኪያ አላነሳም። የመጀመሪያው ቀን ጣቷን ስወጋ ፈገግ አለች።

«ያኔ ይለኩኝ ብዬዎት ነበር እኮ» አለችኝ። ለወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው እንደ ትዝታ ነው ያወራችው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ስኳር ውሃውን ለማንም አልተናገርኩም። ዶክተሩ ምን ጠጣሽ ሲለኝ ውሃ አልኩት።»

«ለምን?»

«እርስዎን እንዳይቆጡዎት።»

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእኔን ኃጢአት ደብቃልኝ፣ ጣቷን አምናኝ ዘርግታለች። እናትሽስ እንዴት ናት አልኳት፣ ወሬ ለመቀየር ብዬ። «እማዬ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትታለች» አለችኝ። «አጥሩ ጋ ቆማ አልቅሳ ትመለሳለች። በጾም ልጄን የጎዳሁ ሴት ምን ፊት ይዤ እገባለሁ ትላለች።»

ለካ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ሌላ ሰው ነው የሚከፍልልኝ። ሁለት ሳምንት ደግሞ ራሴን ሳታልል ቆየሁ፤ ፈተና ነው፣ ስብሰባ ነው፣ ዝናብ ነው እያልኩ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ያን ሰማያዊ ኮዳ አጥቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ባጃጅ ይዤ ወደ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ሄድኩ። እናትየው የምትሠራው እዚያ ነው። እስረኛ የሚጠይቅ ሰው ስልክ ይዞ አይገባም፤ እሷም በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ የጠያቂዎችን ስልክ እየተቀበለች ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ካርቶን ትሰጣቸዋለች፤ ሲወጡ ካርቶኑን ተቀብላ ስልካቸውን ትመልሳለች። ሰው ዕቃውን አምኖ የሚሰጣት ሴት ናት።

እንዳየችኝ ደነገጠች። «ልጄ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። እኔ ነኝ የምነግርሽ ያለኝ።»

በርጩማ ሰጠችኝ። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ ብቀመጥ የምተወው መሰለኝ። ሦስቱን ብርጭቆ ነገርኳት። ይለኩኝ ማለቷን፣ መሳቃችንን፣ ማስቲካ ብዬ መቆጣቴን ነገርኳት። «ጾሙ አይደለም ያባባሰው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ» አልኳት።

አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ሰጧት፤ ተቀብላ ካርቶን ሰጠቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ስኳሩን ማንም ያደርገዋል፣ ሲስተር» አለችኝ በቀስታ። «ሰው ሲደክም ስኳር ነው የሚሰጠው። እኔም ብሆን አደርገው ነበር።» በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ያስጾምኳት እኔ ነኝ ብዬ እኮ… ተመስገን። ዛሬ ከላዬ ላይ ሸክም ነው ያወረድሽልኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼን በደንብ ሳብኩት። ያኔ ነው ኮዳው ትዝ ያለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት። «ይሄም የሷ ነው። ያን ሰኞ ውሃ አበዛሽ ብዬ ቀምቻት ነው። ስትለቀቅ ልትወስድ ብትመጣ እኔ ቆልፌ ሄጃለሁ» አልኳት።

አልተቀበለችኝም። ፊቷ እያየሁት ተለወጠ።

«ይሄ ጠፋብኝ ያለችኝ ኮዳ ነው» አለች። «አንቺ ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ ነበር።»

«ያን ቀን አመሻሹ ላይ ጠማኝ አለችኝ። ውሃ ስጪኝ አለችኝ።» ድምጿ እየጠፋ ሄደ። «መጀመሪያ ኮዳሽን የት እንደጣልሽው ንገሪኝ አልኳት። አልናገር አለች። ሲስተር ቀማችኝ ብትል ምን አጥፍተሽ ነው ትለኛለች ብላ ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ ካልተናገርሽ ውሃ የለም አልኳት። ማታ ላይ ሰጠኋት፤ ያኔ ግን መዋጥ አቅቷት ነበር።»

ኮዳውን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። የመጣሁት ጾሙን ከላይዋ ላወርድላት ነበር፤ አወረድኩላትም። በእሱ ፈንታ ይሄን አሸከምኳት። ካልነገርኳት ኖሮ ሁልጊዜ የጠፋ ኮዳ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከጥየቃ የሚወጡት ሰዎች መጥተው ሱቁን ከበቡት፤ ካርቶናቸውን ዘርግተው ስልካቸውን ይጠይቃሉ። እሷ አትሰማቸውም። ሂጂ አላለችኝም፣ ቁጭ በይም አላለችኝም። ባዶውን ኮዳ ከእጄ ላይ ወሰደችና ክዳኑን ከፍታ ወደ ውስጥ ታይ ጀመር።