ሾላ የሌለበት ሾላ

ሰበታ መናኸሪያ ዱቤን የማያውቅ ሹፌር የለም። ተራ ማስከበር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ቅጽል ስሙ «ካርታው» ነው፤ የትኛው ሰፈር በየት እንደሚገባ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚኖር አብጠርጥሮ ያውቃል። ድሮ ታዲያ መንገድ የጠየቀውን ሰው ሳይቆጣ አይሸኝም ነበር። «ሾላን አታውቅም? ምነው፣ ከሰማይ ነው እንዴ የወረድከው?» ይልና ጣቱን ወደ አስፋልቱ ይቀስራል። ሂድ እንግዲህ ፈልግ!

ዛሬ ግን እንግዳ ሰው «ሾላ የት ነው?» ካለው ተራውን ጥሎ ይነሳል። ሰልፈኛው ቢጮህ፣ ሹፌሩ ክላክስ ቢያንባርቅ ደንታ የለውም። እጁን ይዞ እዚያው ድረስ ያደርሰዋል። «ሾላ ይባላል እንጂ ሾላ የለም፤ ዛፍ እንዳትፈልግ» እያለ ነው የሚሄደው። ወጣቶቹ «ካርታው ጃጀ» ብለው ይስቁበታል። ይሳቁ። የሆነውን አያውቁም፣ እሱም አልነገራቸውም።

ሾላ የሚባለው ፌርማታ ላይ ድሮ እውነትም ትልቅ ሾላ ነበረ። መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠና በቦታው ሲሚንቶ መሸጫ ተሠራ። ዛፉ ሄደ፣ ስሙ ቀረ። የዱቤ ታላቅ ወንድም ኢብሳ በኋላ ቤት ሠርቶ የገባው ከዚሁ ሲሚንቶ መሸጫ ጀርባ ነበር።

ኢብሳ ዓምና ጉበቱን ታመመ። ሐኪሞቹም «ቤቱ ይረፍ» ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ አፉ ላይ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገለቴን ጥሩልኝ»። ገለቴ እህታቸው ናት፤ ከተጂ ወዲያ ገጠር ተድራ ትኖራለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ኢብሳ ለቅሶ አልደረሰም። «የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው» ቢል ማን ይመነው! እውነቱ ግን ያ ነበር። ሁሉም ሌላ ሰው የነገረው እየመሰለው ዝም አለ፤ ዱቤም ዝም ካሉት አንዱ ነው። ገለቴ ግን «ሰበታ ሙሉ የሰማውን እሱ ብቻ ሳይሰማ ቀረ?» ብላ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጠችም፤ በኋላ የሠራውንም ቤት አታውቀውም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዱቤ ደወለላት። «ኢብሳ መትረፉን እንጃ፤ ይቅር ትበለኝ እያለ ነው» አላት። «መጣሁ» አለች። እህትና ወንድም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ ስለዚህ የፌርማታውንም ስም ሳያስበው ተረጎመላት። «ኦዳ ጀላ ውረጂ፣ እዚያው ጠብቂኝ» አላት። ሾላው ሥር ማለቱ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሲሚንቶ መሸጫው ደጃፍ ቆመ። ከተጂ የመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ስልኳን ቢሞክር ጥሪ አይቀበልም። ደሙ ፈላ። «ሾላን ደግሞ ማን ያጣዋል? መምጣት ብትፈልግ ትመጣ ነበር። ስልኩንም የዘጋችው እንዳልጨቀጭቃት ነው» አለ። ብቻውን ከሰሰ፣ ብቻውን ፈረደ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ወደ ቤት ገባ። ኢብሳ ዓይኑን ገለጠ።

«መጣች?»

«አልመጣችም። ስልኳንም ዘግታዋለች። ተዋት፣ ልቧ ድንጋይ ነው።»

የኢብሳ ሚስት ኡርጂ በዓይኗ ገሰጸችው። ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኢብሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «እውነቷን ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ስምንት ሰዓት ላይ ትንፋሹ ቆመ።

ዱቤ ለእድሩ ዳኛ ሊናገር ወጣ። የዳኛው ቤት ከተማው መግቢያ፣ ወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ዱቤ በየጊዜው ያልፈዋል፤ ሾላ ብሎ ግን ጠርቶት አያውቅም፣ ለእሱ ያ ቦታ «ወንዙ» ነው፣ በቃ። ከዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ፣ እርጎ የሞላ ጮጮ ታቅፋ ተቀምጣለች። ገለቴ ናት።

«አንተ! ምነው እንዲህ ቆየህ?» ብላ ብድግ አለች። «ረዳቱን ኦዳ ብዬ ብነግረው ምንም አልገባውም። እኔው በመስኮት ሳይ ሳይ ዛፉን አገኘሁትና ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ። ስልኬም ባትሪ ጨረሰ። ብነሳ እንተላለፋለን ብዬ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ንቅንቅ አላልኩም። ኦዳ ጀላ አላልከኝም?»

ዱቤ ሾላ ሲል የሚታየው ሲሚንቶ መሸጫው ነበር። ለእሷ ግን ሾላ ሾላ ነው።

«ኢብሳ እንዴት ነው?» አለችው።

መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም። ፊቱን አየችና ጮጮውን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው።

«መቼ?»

«አሁን፣ ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ጠየቀኝ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «እየመጣች ነው ብዬው ነበር» ቢላት ማን ያውቅበታል? ኡርጂም አትናገርበትም። ግን ምላሱ እምቢ አለው።

«ጠየቀሽ። አልመጣችም አልኩት። ልቧ ድንጋይ ነው አልኩት፣ ገለቴ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እውነቷን ነው አለ።»

ገለቴ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። «አልሰማሁም ሲለኝ እኔም አላመንኩትም ነበር» አለች። ይህን ጊዜ ዱቤ የዛፉ ሥር ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የባሏን ሞት ለኢብሳ መንገር የነበረበትም እሱ ነበር። ለካ ሁለቱንም ጊዜ ዕዳው የእሱ ነው።

ጮጮዋን አነሳች። «በል ተነስ፤ ቤቱ የት ነው?»

ዱቤ እንደ ልማዱ ጣቱን ወደ አስፋልቱ ዘረጋ። «ሾላ ጋ ስትደርሺ…» ብሎ ጀመረና ጣቱን አጠፈ።

«በአፍህ አታሳየኝ» አለችው። «እጄን ይዘህ ውሰደኝ።»