«ኖሮ» ያልተባለበት ጦርነት

የልጅ ልጄ ትዕግስት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ፔዳ ግቢ። ሰሞኑን አንድ የጦርነት ልብ ወለድ ወጥቶ ሰዉ በየስልኩ ይከራከርበታል፤ ያሸነፍነውን ጦርነት ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ ብሎ የሚተርክ ነው አሉ። እሷ የአንባቢውን አስተያየት ታሰማኛለች። አንዱ «እንቅልፍ ነሳኝ፣ ግሩም ነው» ይላል። ሌላው «በታሪክ መቀለድ ነው» ይላል።

«እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እማማ?» አለችኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት። አስተያየቴ ግን ከሁሉም የቆየ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ጣና ዳር ካለው ግቢያችን ጋሼ ይስማው የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ተከራይቶ ይኖር ነበር። በዕረፍቱ ቀን ጓደኞቹን ሰብስቦ መጽሐፍ ያነብላቸዋል፤ ድምፁ ቁርጥ የሬዲዮ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ገና እንደደፈረሰ፣ ጓሮ ጎመን ስቀነጥስ ሰማሁት፦ «ጣሊያን ተመልሶ ገባ። ባሕር ዳር ተያዘች። ሐይቁ ላይ የተገኘው ታንኳ ሁሉ ተኩስ ተከፈተበት።»

እናቴ ጌሾ ልታመጣ በጠዋት በታንኳ ዘጌ ሄዳለች።

ጎመኑ ከእጄ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ከዳር የበቀለውን ደንገል እየጣስሁ ወደ ውኃው ሮጥሁ። ለአሣ ሻጮቹ «ጣሊያን መጣ!» ስላቸው ወጣቶቹ ሳቁ። ጣሊያንን በዓይናቸው ያዩት አንዲት ባልቴት ግን አሣቸውን ጥለው ተነሡ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ታንኳዋ ብቅ አለች። ነጠላዬን እያውለበለብሁ «ተመለሱ! አትምጡ!» ብዬ ጮህሁ። ቀዛፊው ደንግጦ ሲያዞራት ታንኳዋ ተንጋደደች፤ እናቴ ከነጌሾዋ ውኃ ገባች። ዋና አታውቅም። ቀዛፊው በመቀነቷ ጎትቶ አወጣት።

ጋሼ ይስማው መጽሐፉን እንደያዘ እያለከለከ ደረሰ። «ልብ ወለድ ነው! ያልሆነ ነገር ነው!»

«ካልሆነ ለምን ሆነ ብለህ አነበብህ?» አሉት ባልቴቲቱ። «ገብቶ ቢሆን ኖሮ አይባልም? አንዲት ‹ኖሮ› ነፍገህ ነው ይህን ሁሉ ያስሮጥኸን?»

«ደራሲው እኮ ነው፣ እትየ…»

«እንግዲያ ደራሲውን አምጣው!»

እናቴ ውኃው እየተንጠባጠበ አቀፈችኝ። አልተቆጣችኝም። ወደ እሱ ዞር ብላ በቀስታ፣ «እንዲያው በሞቴ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ታንኳ ላይ የነበሩት ተሻገሩ?» አለችው።

ጋሼ ይስማው መጽሐፉን ዘግቶ ከኋላው ደበቀው።

እና ዛሬ «ግሩም ነው» ባለው አንባቢ አልፈርድበትም፤ እሱ ሲያነብ ሐይቅ ላይ ሰው የለውም ይሆናል። እኔ ግን የሆነውም ያልሆነውም ጦርነት ሲነበብ የሚይዘኝ ፍርሃት አንድ ነው።

«ይህ አስተያየት ነው፣ እማማ?» ብላ ሳቀች ትዕግስት።

ወደ በሩ አየሁ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ እናቷ ከዘንዘልማ ገና አልገባችም፤ መንገዱንም ሰሞኑን የሚያምነው የለም። በሩ እስኪንኳኳ ድረስ የቀረውን አስተያየት እንድታነብ አልፈቀድሁላትም።